ጥፋቱ የማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። መልአክ ያወጣውን ስም ቅጽ ሲቆርጠው ግን ዐይቻለሁ፤ መቀሱን ይዤ የቆምኩትም እኔ ነበርኩ።

በአንድ ባንክ መስኮት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ አንዲት እናት ከዐረብ ሀገር ልጃቸው የላከችላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ መጡ። ማንነታቸውን ለመጠበቅ ወለተ ማርያም ልበላቸው። ከከተማው ዳርቻ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። ገንዘቡ የተላከበት ቅጽ ለስም ሁለት ሣጥን ብቻ ነበረው፤ አንዱ «የመጀመሪያ ስም»፣ ሌላው «የመጨረሻ ስም» የሚል። ልጅቱ፣ ወይም የሞላላት ሰው፣ «ወለተ»ን በአንዱ፣ «ማርያም»ን በሌላው አስገብታ የእናቷ አባት ስም ሜዳ ላይ ቀርቷል። የእናቲቱ መታወቂያ ግን «ወለተማርያም» ብሎ ገጥሞ ይጽፍና የአባታቸውን ስም ያስከትላል።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስም ካልተመሳከረ ክፍያ የለም። «እማማ፣ ስምዎ አልገጠመም፤ ልጅዎ የላከችበት ቦታ ሄዳ ታስተካክል» አልኳቸው። መታወቂያቸውን ከመስኮቱ ላይ ቀስ ብለው አነሡና «ልጄ፣ ስሜን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ። ሌላው ተሳስቶ እኔ ለምን እመለሳለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም «ቀጣይ» አልኩ።

ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ለንደን የሚኖር አብሮ አደጌ ስለ ሥራው እስኪያጫውተኝ ድረስ። የሥራ መደቡ «ሲኒየር ኢንተራክሽን ዲዛይነር» ይባላል። ስሙን ስሰማ ሥዕል የሚሥል መሰለኝ። እሱ እንዳስረዳኝ ግን ሥራው ሰውና ማሽን የሚነጋገሩበትን መንገድ መንደፍ ነው፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ማሽኑን ተተግኖ የሚናገረው መንግሥት ነው። አንድ ዜጋ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ፣ ለድጎማ ሲያመለክት፣ በመራጭነት ሲመዘገብ በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ በምን ቃል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ሲሳሳትም ምን እንደሚባል የሚያስበው ይህ ባለሙያ ነው። «እኛ ዘንድ» አለኝ፣ «ሰው ቅጽ መሙላት ሲያቅተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል። የቅጹ ነው።»

የወለተ ማርያም ጥያቄ ያን ጊዜ ተመልሶ መጣ። ውድ አንባቢ፣ «ጥፋቱ የቅጹ ነው» የሚለው ፍርድ በአንድ ጀንበር የተሰጠ አይደለም። ሥልጣን ጥፋቱን ከባለ ጉዳዩ ትከሻ ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ እንዲያዞር ብሪታንያ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ያን ታሪክ ባጭሩ ልተርከው። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ እንደዚያ ጊዜ ገብቶ አያውቅም። ስኳሩና ሥጋው በራሽን ደብተር ይታደል ነበር፤ ራሽኑ ፈጽሞ የቀረው በ1954 ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎትና ብሔራዊ ኢንሹራንስ በአንድ ቀን ሥራ ጀመሩ። ለጡረታው፣ ለሕመሙ፣ ለሥራ አጡ፣ ለወላዷ ሁሉ ቅጽ ተዘጋጀ። ከመንግሥት ጋር ደብዳቤ ተጻጽፎ የማያውቅ ሰው በየሳምንቱ ከመንግሥት ወረቀት ይደርሰው ጀመር፤ ወረቀቱ የተጻፈበት ቋንቋ ግን የቤቱም የገበያውም አልነበረም።

የገንዘብ ሚኒስቴሩ ይህን ተረድቶ ሰር ኧርነስት ጋወርስ የተባሉትን አንጋፋ የመንግሥት ሠራተኛ መመሪያ እንዲያዘጋጁ ጠየቃቸው። ጋወርስ በጦርነቱ ጊዜ የለንደንን የሲቪል መከላከያ የመሩ ሰው ናቸው። በዚያው በ1948 «ፕሌን ወርድስ» የተባለች አነስተኛ መጽሐፍ አወጡ፤ ትርጉሙ «ግልጽ ቃላት» እንደ ማለት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ የተጻፈች መጽሐፍ ሳለች ተራው አንባቢም ተሻማባት። በ1954 ከተከታይዋ ጋር ተጣምራ እንደ አዲስ ታተመች። ፍሬ ነገሯ ሲጨመቅ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን በአንባቢው ቦታ ያስቀምጥ የሚል ነው።

ምክሩ መልካም ነበር። ነገር ግን ምክር ነበር። የጨዋው ሹም በጎ ፈቃድ ካልተጨመረበት በቀር ባለ ጉዳዩን የሚታደገው አልነበረም። ቅጹ አሁንም የሚጻፈው ጠረጴዛው ወዲህ ነው፤ ጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ማንም አልጠየቀም።

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ሴት ራሷ የተናገረችው በ1979 ነው። ክሪሲ ማኸር የሊቨርፑል ልጅ ናት፤ ማንበብ የተማረችው በአሥራዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ላይ ነው። በድኾች ሰፈር ሠርታለች፤ የሰፈር ጋዜጣም አቋቁማለች። ሰው መብቱ የሆነውን ድጎማ የሚያጣው ስለማይገባው ሳይሆን ቅጹ ስለማይገባው መሆኑን ያየችው በዐይኗ ነው። በዚያ ዓመት ለንደን፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ቆማ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ወረቀቶችን በአደባባይ ቆራረጠች። እንደሚተረከው አንድ ፖሊስ ቀርቦ ከ1839 የፖሊስ ሕግ አንድ እጅግ ረጅም ዐረፍተ ነገር ያነብላት ጀመር። እሷም ሰምታ ስታበቃ ይህ ሁሉ ቃል «ከዚህ ሂጂ» ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ያን ዕለት «ፕሌን ኢንግሊሽ ካምፔን» የተባለው ግልጽ እንግሊዝኛን የሚሟገት ድርጅት ተወለደ። ጋወርስ ሹሙን መከሩት፤ ማኸር ከሰሰችው። በክሱ ውስጥ አዲስ ነገር ነበር፤ አለመረዳት የመሃይም ነውር መሆኑ ቀርቶ የጸሐፊው ዕዳ ሆነ።

ሦስተኛው የታሪኩ ምንጭ ከመንገድ ዳር ይገኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ብሪታንያ አውራ ጎዳና መሥራት ስትጀምር ጆክ ኪኒርና የቀድሞ ተማሪው ማርጋሬት ካልቨርት የመንገድ ምልክቶችን እንዲነድፉ ተቀጠሩ። የዚያን ጊዜ ሰሌዳዎች በየአካባቢው ይለያያሉ፤ ብዙዎቹም በላቲን ትልልቅ ፊደላት ብቻ የተጻፉ ነበሩ። ሁለቱ ንድፍ አውጪዎች ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል አቀላቅለው ጻፉ፤ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ቃሉን በቅርጹ እንዲለየው። ነገሩ አከራካሪ ስለነበር ሰሌዳዎቹ በአየር ማረፊያ ተመልካች ባለበት ተፈተኑ። አዲሶቹ ምልክቶች ከ1965 ጀምሮ በመላው ሀገሪቱ ተተከሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሹፌሩ ሰሌዳውን ማንበብ ቢያቅተው «ለምን ማንበብ አልተማርክም?» የሚለው አልነበረም። ሰሌዳው ይታረም ነበር። በመንገድ ላይ የማይነበብ ጽሑፍ ሰው ይገድላልና፣ ጥፋቱ የሰሌዳው እንደሆነ ማንም ተከራክሮ አያውቅም። በቢሮ ወረቀት የሚሞተው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው መሰል ያ ፍርድ ወደ ቢሮው ለመግባት 50 ዓመት ያህል የፈጀበት።

*

ሦስቱ ወንዞች የተገናኙት ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ነው፤ ያም ወዲያው አልሆነም። በ2000ዎቹ የብሪታንያ መንግሥት በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ነበሩት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ከፍቶ ያንኑ የወረቀት ቅጽ በመስታወት ላይ ለጠፈ። በ2010 ማርታ ሌን ፎክስ የተባለችው የኢንተርኔት ነጋዴ ለሚኒስትሩ ለፍራንሲስ ሞድ ባቀረበችው ሪፖርት የተሻለ ጥገና ሳይሆን አብዮት ያስፈልጋል አለች። በ2011 «ገቨርመንት ዲጂታል ሰርቪስ» የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ጥቅምት 17 ቀን 2012 ደግሞ «ጎቭ ዶት ዩኬ» የተሰኘው አንድ ወጥ ድረ ገጽ ቀዳሚዎቹን ሁለት ዋና ድረ ገጾች ተክቶ ተከፈተ። ፊደሉ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከመንገዱ ነው። ካልቨርት ከሄንሪክ ኩቤል ጋር ለአዲስ ዘመን ያደሰችው ያው የመንገድ ሰሌዳ ፊደል ነው።

በ2013 የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱን ታላቅ ሽልማት ለዚህ ድረ ገጽ ሰጠው። ለሽልማቱ ከታጩት መካከል ሻርድ የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻና የለንደን ኦሊምፒክ ችቦ ማንደጃ ይገኙበታል። ከነዚያ ፊት ይህ ጌጥ የሌለው ገጽ፣ ነጭ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ አረንጓዴ ቁልፍ፣ ለዐይን ምንም አልነበረም። ውበቱን ለማየት ጉዳይ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ከሙያዬ ጋር ስለሚገናኝ ነው የመረጥኩት። እንግሊዞች ሕዝባዊ በዓላቸውን «የባንክ በዓል» ይሉታል፤ በ1871 በወጣ ሕግ ባንኮች የሚዘጉባቸው ቀናት ተለይተው ስለተደነገጉ። በጎቭ ዶት ዩኬ የባንክ በዓላት ገጽ ላይ ከሁሉ በፊት በትልቁ የተጻፈው የሚቀጥለው በዓል ቀን ነው። የመጣው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነውና። የቀረው ከበታች ይከተላል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስንት መሥሪያ ቤት ነው የሹሙ መልእክትና ፎቶግራፍ ከባለ ጉዳዩ መልስ በላይ የሚሰቀለው?

መሥሪያ ቤቱ በ2012 10 መርሖዎችን አወጣ። የመጀመሪያው «ከተገልጋዩ ፍላጎት ጀምር» የሚል ነው። የምወደው ግን ሌላው ነው፤ ነገሩ ቀላል ይሆን ዘንድ ከባዱን ሥራ እናንተ ሥሩ ይላል። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አንባቢ ሳይደናቀፍ የሚያልፋት ስንኝ ገጣሚውን ሌሊት ያሳደረች ናት።

የአብሮ አደጌ ውሎ ይህን መርሕ በእጅ መያዝ ነው። አንድ ጥያቄ ወደ ቅጹ ከመግባቱ በፊት «ይህን ለምን እንጠይቃለን? መልሱን ማን ያነበዋል? ሰው ቢሳሳት ምን ይከተላል?» ተብሎ ይመረመራል። መልስ የሌለው ጥያቄ ይወጣል። እኔ በየቀኑ የማስሞላው ቅጽ ላይ ማንም አንብቦት የማያውቅ ስንት መስመር እንዳለ አሰብኩና አፈርኩ። የተረፉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ እንዲሆኑ ይደረጋል፤ የጨነቀው ሰው ዐሥር ነገር በአንድ ጊዜ አይይዝምና። የልደት ቀን ሦስት ባዶ ሣጥን ይሰጠዋል፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ሰው የሚያውቀውን ቀን ከረጅም ዝርዝር ውስጥ እየቆፈረ እንዳይፈልግ።

ስምስ? እዚህ ላይ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። ከ2018 ጀምሮ ይፋ በሆነው የጋራ የንድፍ መመሪያቸው ላይ የሚመከረው፣ የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ለሙሉ ስም አንድ ሣጥን ብቻ መስጠት ነው። የሰው ልጅ ስም አንድ ዓይነት አይደለምና። የአባቱን ስም የሚያስከትል አለ፤ የቤተሰብ ስም የሚያስቀድም አለ፤ አንድ ስም ብቻ ያለው አለ። «ወለተ ማርያም»፣ «ኃይለ ሚካኤል»፣ «ገብረ ሥላሴ» በዚያ ሣጥን ውስጥ ሳይቆረጡ ያድራሉ። ያን ሣጥን ያሰፋው ሰው ስለ እኛ ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሁሉን የሚችል ሣጥን ሲሠራ ግን እኛንም አስገብቶናል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ገና ያልተጠናቀቀው ቅጽ ለእውነተኛ ባለ ጉዳዮች ይቀርባል፤ ለአረጋዊ፣ ለዐይነ ስውር፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ስደተኛ። አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ያያል፤ አያርምም። በመጀመሪያም አንድ ነገር ይነገራቸዋል፦ «የምንፈትነው እርስዎን አይደለም፤ ቅጹን ነው።» ይህች ዐረፍተ ነገር የ60 ዓመቱ ታሪክ ማጠቃለያ ናት። ጋወርስ ለሹሙ የመከሩት፣ ማኸር በአደባባይ የጮኸችበት፣ ካልቨርት በአየር ማረፊያ ያስፈተነችው ሁሉ እዚህች ውስጥ አለ። ከፍተኛ ባለሙያ ሲሆኑ ደግሞ ገጽ መንደፍ ብቻ አይበቃም ይላል፤ ከሕግ ባለሙያውና ከፖሊሲ አውጪው ጋር መከራከር፣ ለታናናሾቹ ማስተማር፣ «ይህ ጥያቄ ይቅር» ለማለት መድፈር የሥራው ግማሽ ነው።

እነሱም ግን መላእክት አይደሉም። ሰኔ 7 ቀን 2016፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ የመራጮች ምዝገባ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ድረ ገጹ በተመዝጋቢ ብዛት ወደቀ፤ መንግሥት ቀነ ገደቡን በሁለት ቀን ለማራዘም ተገደደ። «ቬሪፋይ» የተባለው የማንነት ማረጋገጫ ደግሞ በ2020 25 ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበታል ተብሎ ታቅዶ፣ በ2019 መጀመሪያ የተመዘገበው 3.6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ማንነታቸውን ለማረጋገጥ ከሞከሩት ውስጥ የተሳካላቸው ግማሽ አይሞሉም፤ በ2023 ተዘጋ። በራሱ በመንግሥት ኦዲተር ሚዛን ተመዝኖ ቀሎ ሲገኝ ግን «ሕዝቡ አልገባውም» ተብሎ አልታለፈም። ሥራው ቆመ፤ ሌላ ተጀመረ።

*

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ ዘንድ በመንግሥትና በባለ ጉዳይ መካከል የቆመ ድልድይ ጥንትም ነበር፤ ራፖር ጸሐፊው። በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የባልቴቷን እንባ ሰምቶ «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ወደሚል ቋንቋ ይቀይረዋል። ባለ ሙያ ነበር፤ አልንቀውም። መኖሩ ግን ራሱ ምስክር ነው። ሀገሬው በገዛ ሀገሩ መንግሥቱን ለማናገር አስተርጓሚ መቅጠር ነበረበት።

በ2020 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) የዲጂታል መታወቂያ ሕግ ሆነ። ቅጾቻችን እየተራ ወደ ስልክ እየገቡ ናቸው። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ባለች ኢንተርኔት ካፌ ስገባ ራፖር ጸሐፊውን አየዋለሁ። ጃንጥላው የለም፤ መኪናው ኮምፒዩተር ሆኗል። አዛውንቱ አጠገቡ ተቀምጠው የልደት ዘመናቸውን ይነግሩታል፤ እሱ በጣቱ ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት እንደሚጨምር ያሰላል፤ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደመሰለው ይጽፋል። እሳቸው ከፍለው ይወጣሉ። ያ የተጻፈ ስም ከጊዜ በኋላ አንድ መስኮት ላይ ይደርሳል፤ ምናልባት የእኔ መስኮት ላይ። ወረቀቱን ወደ ስልክ ማዛወር አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱን ከባለ ጉዳዩ ማዛወር ሌላ። እንግሊዞቹም የመጀመሪያውን አድርገው ሁለተኛውን ሳያደርጉ ዐሥር ዓመት ያህል ከርመዋል።

ወለተ ማርያም ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ሥራ አስፈቅዳ አስተካክላ ነበር። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ተራቸው ሲደርስ መጀመሪያ ያሉኝ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» ነው። በዓሉን በምን እንደዋሉት አልጠየቅኋቸውም። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ለጥያቄያቸው የሚሆን መልስ አሁን አለኝ፤ እሳቸው ግን ዳግመኛ ወደ መስኮቴ አልመጡም። ስለዚህ እዚህ ላይ፣ በእሳቸው አፍ፣ ለራሴ እጽፈዋለሁ።

ስሜን ብትጠይቀኝ፣ ልንገርህ እንዳለ፤
ሙሉውን ጻፍልኝ፣ ቀለም ካልጎደለ።
ጠባብ ሣጥን ሠርተህ ለረጅሙ ስሜ፣
ጥፋተኛ ሆንኩኝ ከመስኮትህ ቆሜ።
ሣጥኑን አስፋ ልጄ፣ ስሜን አታሳጥር፤
መልአክ ያወጣው ስም አይቆረጥ በመስመር።